የእኔ ሰንጠረዥና የቴክኒኮች ቀይ ወጥ

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ እግር ኳስ የማያውቅ ሰው ካለ ያ ሰው ዳኛው ነው። ሌላው ሁሉ ያውቃል። ዓሣ አጥማጁ ያውቃል፣ የፋብሪካው ዘበኛ ያውቃል፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ አንድ ብርጭቆ ሻይ ከቀትር እስከ ምሽት የሚያስታምመው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ጋዜጠኛ ስለሆንሁ ከማወቄ በፊት ማጣራት አለብኝ። የሰው ስም ስጽፍ እንኳ ከራሱ ከባለስሙ፣ ቀጥሎ ከጎረቤቱ፣ ከተገኙም ክርስትና ካነሡት ሰው እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ሙሉነሽ «አንተን ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብልህ፣ ማን ነገረሽ ትለኛለህ» ትለኛለች። በዚህ ስሜን አጠፋች አልልም። ቤት ይቃጠላል የተባለውም ሁሉ አይቃጠልም።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ሁሉ ነገር በዕቅድ፣ ዕቅዱም በቁጥር የሚሄድበት። ለጋዜጠኞችም ቁጥር ይግባቸው ተብሎ አዲስ አበባ ለአጭር የስታቲስቲክስ ሥልጠና ተላክሁ። ሌላው ሰው ከአዲስ አበባ ሲመለስ ጫማ ይዞ ይመጣል። እኔ አንዲት ካልኩሌተርና አንድ በሽታ ይዤ መጣሁ። በሽታው ሞዴል ይባላል። ካለፈው ውጤት ተነሥቶ የሚመጣውን የሚያሰላ ቀመር ነው። የያዘው ሰው ዝናብ ሲያይ ጥላ አይፈልግም፤ አምና በዚህ ወር ስንት ጊዜ እንደዘነበ ይጠይቃል።

በዚያው ዓመት ስድስት ኮሌጆች በከተማችን ተሰብስበው እርስ በርስ በዙር ሊጋጠሙ ሆነ። በሙያቸው ልጥራቸው፦ ቴክኒክ፣ እርሻ፣ ንግድ፣ መምህራን፣ ጤናና ደን። ቴክኒክ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሌሎቹ ፍራሻቸውንና ወጥ ቤት ሠራተኛቸውን ጭነው ከየአቅጣጫው መጡ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ወዲያው ማን አንደኛ፣ ማን መጨረሻ ይወጣል የሚል ክርክር ተነሣ።

የክርክሩ አለቃ ልብስ ሰፊው ጋሽ ዳኘው ነበሩ። የስድስቱንም ቡድን ማልያ የሰፉት እሳቸው ስለሆኑ አፋቸው ያለ ልክ ተከፍቷል።

«ደን ይበላዋል» አሉ። «እኔ ትከሻ ለክቻለሁ። የደኖች ትከሻ ጨርቅ ጨረሰብኝ።»

«ጋሽ ዳኘው፣ ትከሻ እኮ ጎል አያገባም» አልሁ።

«ታዲያ ምን ያገባል?»

«ቁጥር።»

አንዱ ሻዩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁላችሁ ነበር። ግን ተቀመጥሁ፤ ካልኩሌተሯንም ከኪሴ አወጣሁ።

ያለፉትን ውድድሮች ውጤት ሰበሰብሁ። የተጫዋቾቹን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ልምምዳቸውንና የመጡበትን መንገድ ርዝመት ጨመርሁ። ቀመሩን አስገብቼ ስጨምቀው ሰንጠረዥ ወጣ፦ ቴክኒክ አንደኛ፣ እርሻ መጨረሻ፣ አራቱ በመካከል። ለሙሉነሽ አሳየኋት።

«ቴክኒክ ጎበዝ መሆኑን እኔም አውቅ ነበር» አለች።

«አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አስልቻለሁ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«አንቺ ብትሳሳቺ የሚስቅብሽ የለም» ልላት ይገባኝ ነበር። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ አምሳሉ ሰንጠረዡን ሲያዩት ፊታቸው በራ። እኔ ለስፖርት ዓምዴ ጥግ ብዬ የጻፍሁትን እሳቸው በሳምንታዊ ጋዜጣችን ፊት ገጽ አስወጡት። በዚህም አልበቃቸውም፤ አደባባዩ ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ በቀትር አስነበቡት። «በሳይንሳዊ ዘዴ የተደረሰበት» የሚል ቃል ጨመሩበት። ከዚያች ቀትር ጀምሮ ትንበያው የእኔ መሆኑ ቀርቶ የመሥሪያ ቤቱ አቋም ሆነ።

ውድድሩ የተጀመረው በሁዳዴ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ እርሻ ቴክኒክን አሸነፈ። አዎ፣ መጨረሻ ይወጣል ያልሁት አንደኛ ይወጣል ያልሁትን አሸነፈ። በሁለተኛው ሳምንት ደን ደግሞ ቴክኒክን ደገመው። ቴክኒክ ያለ አንድ ነጥብ ግርጌ ተቀመጠ፤ እርሻና ንግድ ከላይ ሆኑ። ሰንጠረዤን ገልብጠው ቢያነቡት ልክ ይመጣ ነበር።

ከተማው ደግ ነው፤ ፊት ለፊት አይስቅም። መንገድ ላይ ሰላምታ ሲሰጠኝ ብቻ «ሳይንስ እንዴት ሰነበተች?» ይለኛል። ጋሽ ዳኘው ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው «የኔ ልጅ፣ ያችን ማሽን እስቲ ጠበል አስጠምቃት» አሉኝ። እኔ አልተቆጣሁም። ጋዜጠኛ አይቆጣም፤ ይመዘግባል።

ጓድ አምሳሉ አስጠሩኝ። መስኮታቸው ወደ ሐይቁ ያያል፤ እሳቸውም ወደ ሐይቁ እያዩ ተናገሩ።

«የመሥሪያ ቤታችን ጋዜጣ ይሳሳታል?»

«አይሳሳትም፣ ጓድ።»

«ስለዚህ ሰንጠረዡ አይታረምም።»

«እሺ፣ ጓድ።»

«ውጤቱ ካልታረመ ግን አንተ ትታረማለህ። ቆላ ድባ የእህል ገበያውን የሚከታተል ዘጋቢ ጠይቀዋል። ቋሚ።»

ቆላ ድባን አልጠላም። ደምቢያ የእህል አገር ነው፣ ሰዉም ጨዋ ነው። ነገር ግን ቆላ ድባ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ ሙሉነሽ የምትሠራው ደግሞ ከሐይቁ ወዲህ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ነው። እሷ አንድ አገር፣ እኔ አንድ አገር ሆነን ዓመታት ኖረን፣ ማመልከቻ ጽፈን ጽፈን፣ አንድ ጣሪያ ሥር የገባነው ገና በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነበር። መጋረጃ እንኳ አልሰቀልንም።

ማታ ነገርኋት። «እኔ ክር እፈትላለሁ እንጂ ጤፍ አልሰፍርም» አለች። «ቆላ ድባ ፈትል ክፍል የለም። እንግዲህ ያንን ቁጥርህን አድነው፤ ወይም በየወሩ በጀልባ እየመጣህ መጋረጃውን እየው።»

ቁጥሩን ማዳን ጀመርሁ። በሥልጠናው ላይ እንደተማርሁት፣ ሞዴል ሲሳሳት አንድ የተረሳ ነገር አለ ማለት ነው። የተረሳውን መፈለግ ነው። እኔም ከሜዳው ጀመርሁ።

ሜዳው ሐይቁ ዳር ነው። ምናልባት ወደ ውኃው ያዘነብል ይሆናል ብዬ ገና ጎህ ሲቀድ ገመድ ይዤ ሄድሁ። ጉማሬ ሌሊቱን ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ በእሱና በውኃው መካከል መቆም እንደማይገባ ባሕር ዳር የተወለደ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። በዚያን ሰዓት ገመዱን የያዘው ግን ዕውቀቱ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣው የአብዮት ጥበቃው ነው።

«ምን ትለካለህ?»

«ሜዳውን።»

«ለማን?»

«ለራሴ።»

«ሜዳ ለራስህ ምን ያደርግልሃል?»

ይህን ላስረዳው አፌን ስከፍት ከኋላው ቁጥቋጦው ተንቀሳቀሰ። ያኔ ማን ቀድሞ እንደሮጠ እስከ ዛሬ አላጣራሁም። ራሳችንን ያገኘነው ሾላ ዛፍ ላይ ነው፤ እኔ ታችኛው ቅርንጫፍ፣ እሱ ከእኔ በላይ፣ ጠመንጃው መሬት ላይ፣ ጉማሬው ጠመንጃው ዘንድ። ጥበቃው ግን ሥራውን የማይረሳ ሰው ነበር።

«መታወቂያ» አለኝ ከላይ።

«ኪሴ ውስጥ ነው። እጄን ከለቀቅሁ እወድቃለሁ።»

«እንግዲያው ቃልህን ስጥ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ስሜን፣ ቀበሌዬን፣ ሥራዬን፣ የእግር ኳስ ደረጃ በቁጥር የሚታወቅበትን ዘዴ ከነቀመሩ አስረዳሁት። ጉማሬው መሰልቸት እንደጀመረ ያወቅሁት ወደ ውኃው ሲሄድ ነው። ጥበቃው ወርዶ ጠመንጃውን አነሣና «ይህን ያየ ሰው የለም» አለኝ። «የለም» አልሁት። ሜዳው እውነትም ያዘነብላል። ቤቴ ገብቼ ቁጥሩን ሳስገባ ግን ቡድኖች ከዕረፍት በኋላ ጎል እንደሚቀያየሩ ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ ክብደት ነው አልሁ። ለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል፤ ደህና ሚዛን ያለው ደግሞ በነጋዴው በሐጂ ኑርሁሴን መጋዘን ነው። ሐጂ የንግድ ኮሌጅ ደጋፊ ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ የዚያ ቡድን አጥቂ ነው። የንግድን በረኛ አሳምኜ ወሰድሁትና የቡና ጆንያ በሚሰቀልበት መንጠቆ ላይ ተንጠለጠለ።

«አንተ ጋዜጠኛ» አሉኝ ሐጂ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው፣ «ይህን ልጅ ልትጽፈው ነው ወይስ ልትሸጠው?»

በረኛው ከባድ ነበር። ከባድ መሆኑ ግን ስለ ቴክኒክ መሸነፍ የነገረኝ ነገር የለም። ነፋሱንም ሞከርሁ፤ ጫማቸውንም ቆጠርሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ጢም ያላቸውንና የሌላቸውን ለየሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የቸገረው ጋዜጠኛ ጢም ይቆጥራል።

በመጨረሻ የቀረኝ የባት ውፍረት ነበር። ሜትር ልዋስ ጋሽ ዳኘው ዘንድ ሄድሁ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ለቀብሬ እንኳ ትመልስልኛለህ» አሉ። «ትከሻ አይረባም ብለህ ወደ ባት ወረድህ። እንግዲህ ከዚያ በታች መሬት ነው።»

ሜትሩን ይዤ የቴክኒኮች መመገቢያ አዳራሽ የደረስሁት በምሳ ሰዓት ነው። ሁዳዴ ነው፤ እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም፤ ጉልበቴ ከመንገዱ ይልቅ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተስማምቷል። ተጫዋቾቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ምግቡ ቀረበ። ከስድስቱ ኮሌጆች ወጥ ቤት የተሻለው የቴክኒክ ነው ይባል ነበር፤ እውነትም ነበር። ስፖርተኛ ጉልበት ያስፈልገዋል ተብሎ በየቀኑ ቀይ ወጥ፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ፣ ሥጋው ጉብ ብሎ ይወጣላቸዋል። ጾም የሚባል ነገር በዕቅዱ ውስጥ ስላልነበረ ሌላ ወጥ አይሠራም።

አሥራ አንዱም ወጡን አዩት። ሰው በጣቢያ የተሳፈረ ዘመዱን እንደሚሸኝበት ዓይነት አስተያየት ነው። ከዚያ ዳቦውን ቆርሰው በሻይ እየነከሩ በሉ። አምበላቸው ሰሐኑን በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገና «ጠግበናል» አለ።

ወጥ ቤቷ እትዬ ዘነቡ ሰሐኑን አነሡ። እኔን ሲያዩ የሚያወሩት ሰው አገኙ።

«ሁዳዴው ከገባ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አሉኝ። «እኔ የታዘዝሁትን እሠራለሁ፣ እነሱ ይመልሱልኛል፣ የዘበኛው ውሾች ይበላሉ። ውሾቹን አይተሃቸዋል? እነዚያ ማልያ ቢለብሱ ዋንጫውን ይዘውት ይመጡ ነበር።»

ወጣሁና ውሾቹን አየኋቸው። በሥራዬ ብዙ የሚያስደስት ነገር አይቻለሁ፤ የዚያን ቀን ውሾች ያህል ግን ያስደሰተኝ የለም። አንዱ ተነሥቶ መጮህ አቅቶት ተኝቶ ጮኸብኝ። ሜትሩን አጣጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

አንድ ምንጭ አይበቃም። በቀጥታ እርሻዎች ወዳረፉበት ሄድሁ። እርሻ ድሀ ኮሌጅ ነው፤ ወጥ ቤቱ ከሽሮና ከክክ ሌላ አያውቅም፤ ሥጋ የሚያዩት በበዓል ነው። በሁዳዴ ግን ከዚህ የበለጠ ወጥ ቤት የለም። ልጆቹ ሽሮውን እስከ ጆሯቸው ጠጥተው፣ ጠረጴዛውን ደግፈው እየተነፈሱ አገኘኋቸው። ንግዶችስ? የንግድ በረኛ፣ አምበልና አጥቂ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሁዳዴ አይመለከታቸውም፤ ሥጋቸውን በሰላም ይበላሉ። ደኖች ምስር አላቸው። ባዶ ስልቻ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ቴክኒክ ደግሞ በጣም ጥሩ ወጥ ስላለው ባዶ ስልቻ ሆኗል።

እንግዲህ ሰንጠረዤ አልተሳሳተም ነበር። ቴክኒክ ጎበዝ ነው፣ እርሻም ደካማ ነው፤ ግን ማን እንደበላ አልጠየቅሁም ነበር። በሕይወቴ ሰው ስሙን ማን እንዳወጣለት ሳይቀር ስጠይቅ ኖሬ ምሳውን ረሳሁት። አዲሱን ነገር በቀመሩ ውስጥ አስገባሁና ጨመቅሁት። ፋሲካ ሲመጣ ቴክኒክ ይነሣል፤ እርሻ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ በመጨረሻው ቀን ቴክኒክ የሚጋጠመው ከንግድ ጋር ነው። መልሱ ወጣ፦ ያው የመጀመሪያው ሰንጠረዥ።

ወደ ጓድ አምሳሉ ገባሁ። ችግሩ ይህን ነገር በምን ቃል ልናገር ነው። እዚህ ላይ ስለ ጓድ አምሳሉ አንድ ያጣራሁትን ልንገራችሁ። ጓድ አምሳሉ ዓሣ ይወዳሉ። ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል ምሳቸው ዓሣ ነው፣ እራታቸው ዓሣ ነው። ይህ ፍቅር ግን ሁዳዴ ሲገባ ገብቶ ፋሲካ ሲሆን ይወጣል። ሌላውን ጊዜ ዓሣ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ጓድ» አልሁ፣ «የተረሳውን ምክንያት አግኝቻለሁ። በምግብ አቅርቦቱና በተመጋቢው ፍላጎት መካከል የሚፈጠር ወቅታዊ አለመጣጣም ነው።»

ጓድ አምሳሉ ወደ ሐይቁ አዩ። ብዙ አዩት።

«ይህ አለመጣጣም» አሉ በዝግታ፣ «በሌላውም ሰው ላይ ይታያል?»

«በብዙ ሰው ላይ፣ ጓድ። ጉልበት ያሳጣል፤ ዓሣ ያስወድዳል።»

ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ካልኩሌተሬን አየሁ።

«መቼ ያበቃል?»

«በወሩ መጨረሻ፣ እሑድ፣ ዶሮ ሲጮህ።»

«ሰንጠረዡ ባለበት ይቆይ» አሉ። «ምክንያቱ አይጻፍ። ካልሆነ ግን ያው ቆላ ድባ ነው።» በሩን ልወጣ ስል «ዶሮ ሲጮህ» ብለው ለራሳቸው ሲደግሙት ሰማኋቸው።

ሻይ ቤት ገብቼ ለጋሽ ዳኘው ሜትራቸውን መለስሁና ተናገርሁ፦ ዜሮ ነጥብ ያለው ቴክኒክ አንደኛ፣ ከላይ ያለው እርሻ መጨረሻ ይወጣል። ሳቁ ከሻይ ቤቱ ወጥቶ ሐይቁ ላይ የሚቀዝፉት ባለታንኳዎች ቀና እስኪሉ ድረስ ተሰማ። ጋሽ ዳኘው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ይህ ከሆነ» አሉ፣ «ሙሉ ሱፍ እሰፋልሃለሁ። ጨርቁም ከእኔ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነማ ቆላ ድባ ሱፍ ምን ያደርግልሃል? ጆንያ ይበቃሃል።»

ፋሲካ መጣ። የቴክኒኮች ወጥ ቤት እትዬ ዘነቡ ከዚያን ቀን በኋላ የተመለሰ ሰሐን አላዩም፤ ውሾቹ ወደ ቀድሞ መጠናቸው ተመለሱ። በፋሲካ ሳምንት ቴክኒክ ጤናን አሸነፈ። በተከታዩ ሳምንት መምህራንን አሸነፈ። እርሻ በንግድ ተሸነፈና ከደን ጋር እኩል ወጣ። መንገድ ላይ የሳይንስን ጤንነት የሚጠይቀኝ ሰው እያነሰ ሄደ። የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ንግድ ከላይ ነው፣ ቴክኒክ በአንድ ነጥብ ብቻ ይከተለዋል፤ የመጨረሻው ጨዋታ የሁለቱ ነው። ለንግድ እኩል መውጣት ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ቴክኒክ ካላሸነፈ ጆንያዬን ልሸከም ነው።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረ። በዚያ ዓመት ፋሲካና ረመዳን እግር በእግር ተከታትለው መጥተው ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ ዋዜማ ማታ ጨረቃ ከታየች ነገ ጾም ነው፤ ካልታየች ከነገ ወዲያ ነው። ሞዴሌ በሙሉ፣ ሙሉነሽ፣ መጋረጃው፣ ሁሉም በአንዲት ቀጭን ጨረቃ ላይ ተንጠለጠሉ። እሷን ደግሞ በካልኩሌተር ማውጣት አልቻልሁም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐጂ ኑርሁሴንን ሐይቁ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ሐጂ፣ የእህትዎ ልጅ ነገ ጾም ከሆነ ይጾማል?»

«ይጾማል እንጂ።»

«መንገደኛ መጾም አይገደድም ሲባል ሰምቻለሁ። ንግዶች እንግዶች ናቸው።»

ሐጂ ሳቁ። «የምን መንገደኛ? ወር ከረሙ እኮ። ጎረቤት ሆነዋል። ያ በረኛማ በዱቤ ይወስዳል።»

«ጨዋታው እኮ ነገ ነው። ቡድንዎ ነው።»

«ልጄ፣ ኳሱን ከርሞም ያገኘዋል» አሉ። «አንተ ምን ትፈልጋለህ? እንድትታይ ነው እንዳትታይ?»

ዋሽቼ አላውቅም። «እንድትታይ» አልሁ።

«እኔም። እንግዲያው ዝም ብለህ ተመልከት።»

ተመለከትን። ሰማዩ ከቀይ ወደ ግራጫ ሄደ። ደመና ነገር ነበር፤ ደመናው ከደልጊ በኩል ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እኔን እያየ የሚመጣ ይመስላል። ወፎች አለፉ። ሐጂ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆዩና በጣታቸው አመለከቱ።

«ያችውና።»

አላየኋትም። «ሐጂ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«በእኛም ዘንድ ምስክር ይፈለጋል» አሉ። «ከዚያች ከላይኛዋ ደመና ጫፍ ትንሽ ዝቅ በል።»

ዝቅ አልሁ። በጥፍር የተጫረች የምታህል አንዲት ብርሃን፣ ከውኃው ጥቂት ከፍ ብላ ተንጠልጥላለች። አየኋት። በሁለት ምንጭ ተረጋገጠች። ሐጂ ዱዓ አደረጉ፤ እኔም በልቤ የራሴን አደረግሁ።

በማግሥቱ ሜዳው ሞልቷል። ሙሉነሽ ከፋብሪካ ከጓደኞቿ ጋር መጥታ ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ቆማለች። ጓድ አምሳሉ ባርኔጣቸውን አድርገው ፊት ወንበር ላይ ናቸው። ቀደም ብሎ እርሻ በመምህራን ተሸንፎ መጨረሻ መውጣቱ ተረጋግጧል፤ ግማሹ ሰንጠረዥ ቆሟል። ግማሹ ግን ብዙም ሳይቆይ ተናጋ፤ የሐጂ የእህት ልጅ ገና ከጅምሩ አንድ አስቆጠረ። ያ የመዘንሁት በረኛም የሚመጣውን ሁሉ ያዘ። ጋሽ ዳኘው ከሕዝቡ መካከል «ጆንያ!» ብለው ጮኹ።

ዕረፍት ሆነ። ሙሉነሽ አጠገቤ መጥታ «ምን ይላል ቁጥሩ?» አለችኝ።

«ቆይ ይላል።»

«ቁጥርህ ትዕግሥት አለው» አለች፤ እጄን ግን ያዘችው። ሰው ፊት እጄን ስትይዝ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ከዕረፍት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘነበለች፤ ሙቀቱ ግን አላዘነበለም። ውኃ በጀሪካን መጣ። ቴክኒኮች ተጎነጩ። የንግድ በረኛ፣ አምበሉና አጥቂው ተቀብለው ፊታቸው ላይ ብቻ ረጩት። የመጀመሪያ ቀን ጾም የሁሉም ከባዱ ነው፤ ይህን እኔም በሁዳዴ አውቀዋለሁ። የሐጂ የእህት ልጅ ኳስ ሲደርሰው ቀና ይላል፣ ኳስ ሲርቅ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ቴክኒኮች ግን የፋሲካ ልጆች ናቸው። አንዱን መለሱ። ሁለተኛውን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር አምበላቸው በግንባሩ ገጨው፤ ያ «ጠግበናል» ያለው ልጅ ነው። በረኛው ተወረወረ፤ ከመዘንሁት ቀን ይልቅ ቀልሎ ታየኝ፣ ግን አልደረሰበትም።

ያለቀበትን ፊሽካ አልሰማሁም። የሰማሁት የሙሉነሽን እልልታ ነው። ጓድ አምሳሉ ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ማን እንዳያቸው ዞር ዞር ብለው አዩና መልሰው አደረጉ። ቴክኒክ አንደኛ፣ እርሻ መጨረሻ። በመካከል ካሉት አራት ቡድኖች ሁለቱ በጎል ብዛት ቦታ ተለዋውጠዋል። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ ደስታ ቢኖርም እውነት እውነት ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሐጂ ኑርሁሴን ሁለቱንም ቡድን ወደ ቤታቸው ጠሩ። ተምርና ሳምቡሳ ቀረበ። የሐጂ የእህት ልጅና የቴክኒክ አምበል ከአንድ ሰሐን ተሻሙ። «አየህ» አሉኝ ሐጂ፣ «ልጄ ዛሬ ሁለት ነገር ሠራ። አንዱን አንተ ጻፈው፣ ሌላውን የሚጽፍ አለ።»

በማግሥቱ በቀትር ድምፅ ማጉያው ሰንጠረዡን እንደገና አነበበ፤ ምክንያቱ «በሳይንሳዊ ዘዴ» ብቻ ነው። ጓድ አምሳሉ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የጥብስ ሰሐን አለ።

«ቆላ ድባ ትሄዳለህ» አሉ።

«ጓድ፣ አሸነፍን እኮ።»

«ስላሸነፍህ ነው። ጋዜጣችንን ያነበቡት እህል ነጋዴዎች ውጤቱን በሬዲዮ ሰምተው የጤፍ ገበያ ከክረምት በኋላ እንዴት እንደሚሆን ንገረን ብለው ጋብዘውሃል። ለሁለት ቀን። ባለቤትህንም ይዘህ ሂድ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያ የአቅርቦት ነገር... ለከርሞ ቀደም ብለህ አስታውሰኝ።»

ጋሽ ዳኘው ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ሱፉን ሰፉ፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ባለ ሦስት ኪስ። ስለብሰው ግን ሱሪው ወገብ ላይ ሁለት ቁልፍ አገኘሁ፣ አንዱ ከሌላው ራቅ ብሎ።

«ይህ ሁለተኛው ለምንድን ነው?»

ጋሽ ዳኘው ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ መለሱ። «አንዱ ለሁዳዴ ነው፣ አንዱ ለፋሲካ» አሉ። «እኔ ደንቆሮ መሰልሁህ? ተምሬያለሁ።»

መጋረጃውን ሰቅለን በጀልባ ሄድን። ሙሉነሽ ሐይቁን ስታቋርጥ የመጀመሪያዋ ነበር፤ እጇን ከጀልባው አውጥታ ውኃውን እየነካች ጎርጎራ ደረስን፣ ከዚያ በጭነት መኪና ቆላ ድባ ገባን። እህል ነጋዴዎቹ እንደ ጳጳስ ተቀበሉን። አዛውንቱ ነጋዴ ከፊቴ ተቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ።

«እንግዲህ ይንገሩን፣ ጤፍ ዘንድሮ ስንት ይገባል?»

«ከመናገሬ በፊት» አልሁ፣ «ምሳ ምን አዘጋጃችሁ?»

የዶሮው ወጥ ገባ። ሙሉነሽ አየችኝ። በልቼ ስጨርስ እጄን ወደ ወገቤ አስገብቼ የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈታሁ፣ ሁለተኛውን ቆለፍሁና መልሴን ጀመርሁ።